ከጎንደር ላሊበላ በአየር፦ ርቀቱንና ደቂቃውን ራሴ የለካሁበት ማስታወሻ

ኅዳር 9

እማዬ ዘንድሮ ገናን ላሊበላ ነው የማከብረው ብላ ቆርጣለች። ስለቱ የቆየ ነው፣ እኔ አስረኛ ክፍል ሆኜ ታማ የተሳለችው ነው፣ እስካሁን ያልሄደችው ደሞ መንገዱን ስለምትፈራ ነው። በመኪና ከጎንደር ወደ ደቡብ ወርደን ወረታ ላይ ታጥፈን፣ ደብረ ታቦርን፣ ንፋስ መውጫን፣ ጋሸናን አልፈን ከዛ ወደ ሰሜን ሽቅብ ላሊበላ ማለት ነው፣ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ጉልበቷ ደሞ ሁለት ሰዓት እንኳን ታጥፎ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ በአውሮፕላን እንሂድ አልኳት። ዝም አለች። ማታ እራት ላይ "እሺ፣ ግን አየር ላይ ስንት እንቆያለን?" አለችኝ። ተሳፍራ አታውቅም።

እኔም አላወቅኩትም። መሥሪያ ቤት ጠየቅኩ፣ አንዱ ሀያ ደቂቃ ነው አለኝ፣ አንዷ አንድ ሰዓት ገደማ አለችኝ፣ የተሳፈረ ሰው ደሞ "ቡናውን ሳትጨርሺ ትደርሻለሽ" አለኝ፣ ይሄ ለእማዬ መልስ አይሆንም። እሷ ቁጥር ነው የፈለገችው፣ ምክንያቱም የዘወትር ጸሎቷን በዛ ሰዓት ልክ ልታደርገው ነው፣ አውሮፕላኑ ሲነሳ ጀምራ መሬት ሲነካ መጨረስ ትፈልጋለች። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ኤክሴል ቀኑን ሙሉ ፊቴ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ ራሴ አስልቼ እነግራታለሁ ብዬ ጀመርኩ። የምሠራውን እዚህ እጽፋለሁ፣ ሌላም እናቱን የሚያሳፍር ሰው ይጠቅመው ይሆናል።

ኅዳር 11

መጀመሪያ የሁለቱ ኤርፖርቶች አድራሻ ማለትም ኬክሮስና ኬንትሮስ ያስፈልጋል። ለረሳ ሰው፣ ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቅክ ነው፣ ኬንትሮስ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ጎንደር ኤርፖርት (አዘዞ ያለው፣ አፄ ቴዎድሮስ የሚባለው) 12 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ምሥራቅ። ላሊበላ ኤርፖርት 11 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ምሥራቅ።

እነዚህን ኤክሴል ላይ ሳስገባ 12.3112፣ 37.2602 እያልኩ ነው የጻፍኩት፣ ደቂቃውንና ሰከንዱን ከነጥቡ በኋላ ደርድሬ። ሰራሁት፣ 165 ኪሎ ሜትር መጣ። ጥሩ ቁጥር ይመስላል አይደል? ለእማዬ ልነግራት ነበር። ግን ሰነድ ሳይመሳከር መዝገብ ላይ አይወጣም ብለው ነው ያሳደጉኝ፣ ቁጥሮቹን ካርታ ላይ አስገብቼ የት እንደሚወድቁ አየሁ። "ጎንደር ኤርፖርት" ያልኩት ነጥብ ከጣና ዳር ጎርጎራ አጠገብ ወደቀ። "ላሊበላ" ያልኩት ደሞ ከእውነተኛው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ። ሁለቱም ስህተት ሆነው መሀላቸው ያለው ርቀት ግን ትክክል የሚመስል ነው፣ ይሄ ነው አደገኛው፣ ቁጥሩ ጭራሽ የማይመስል ቢሆን ወዲያው ትነቃለህ፣ የሚመስል ሲሆን ግን ይዘኸው ትሄዳለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው፣ አንድ ደቂቃ 60 ሰከንድ ነው፣ ልክ እንደ ሰዓት። ስለዚህ 31 ደቂቃን ለ60፣ 12 ሰከንድን ለ3,600 አካፍለህ ትደምራለህ። ጎንደር 12.5200 ሰሜን፣ 37.4339 ምሥራቅ ይሆናል። ላሊበላ 11.9750፣ 38.9800። እንደገና ካርታ ላይ አስገባሁ፣ አሁን ቀጥ ብሎ የማኮብኮቢያው አስፋልት ላይ አረፈ። ደስ አለኝ።

እግረ መንገዴን ሁለቱን ቁጥር ገልብጬ ኬንትሮሱን ቀድሜ ባስገባ ምን ይሆናል ብዬ ሞከርኩ። ጎንደር ሜድትራንያን ባህር ውስጥ ገባ፣ ከሲሲሊ ደሴት በታች። ቅደም ተከተሉን ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ ኮምፒውተሬ ጎን ለጠፍኩት፣ ኬክሮስ ይቀድማል።

ኅዳር 12

ዛሬ ፎርሙላው። መሬት ክብ ስለሆነች ሁለት ነጥብ መሀል ያለውን በኳስ ላይ ክር እንደሚዘረጋ አድርገህ ነው የምታሰላው፣ ሃቨርሳይን የሚባል ፎርሙላ አለ፣ ሳይንና ኮሳይን ይጠቀምና መጨረሻ ላይ በመሬት ራዲየስ በ6,371 ኪሎ ሜትር ታባዛለህ። ጻፍኩት፣ ተጫንኩት፣ 9,712 ኪሎ ሜትር አለኝ!

እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ ቢያንስ ስህተት መሆኑ ግልጽ ነው። ግማሽ ሰዓት ቅንፍ ስቆጥር ቆየሁ፣ ቅንፉ ትክክል ነው። ቆይቶ ትዝ አለኝ፣ ኤክሴል ሳይንና ኮሳይን ሲሰራ ዲግሪ አያውቅም፣ ሬዲያን የሚባለውን ሌላ የማዕዘን መለኪያ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር መጀመሪያ ወደ ሬዲያን መቀየር አለብህ፣ ራሱ ኤክሴል ለዛ ፈንክሽን አለው፣ ወይ ደሞ በፓይ አባዝተህ ለ180 ማካፈል። አስተካከልኩት፣ 178.6 ኪሎ ሜትር።

ይሄንንም በእጅ አረጋገጥኩት። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111.2 ኪሎ ሜትር ነው። በጎንደርና በላሊበላ መሀል የኬክሮሱ ልዩነት 0.545 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ ወደ ደቡብ 60.6 ኪሎ ሜትር። የኬንትሮሱ ልዩነት 1.546 ዲግሪ ነው፣ ግን ኬንትሮስ ወደ ሰሜን በሄድክ ቁጥር እየጠበበ ስለሚሄድ በ12 ዲግሪ ከሩብ ኮሳይን ታባዘዋለህ፣ ማለትም በ0.977፣ ወደ ምሥራቅ 168 ኪሎ ሜትር። ከዛ ያው ሰባተኛ ስምንተኛ ክፍል የተማርነው ፓይታጎረስ፣ ሁለቱን በየራሳቸው አባዝተህ ደምረህ ስኩዌር ሩት፣ 178.6። ኤክሴሉና እስክሪብቶው ተስማሙ። እዚህ ላይ ደብተሬን ዘግቼ ተኛሁ።

ኅዳር 15

ታናሽ ወንድሜ ሰርቬይንግ ነው የተማረው፣ ቤት መጥቶ ወረቀቱን ሲያይ "መሬት ኳስ አይደለችም እኮ፣ ወገቧ ላይ ትሰፋለች" አለኝ። እውነቱን ነው፣ በምድር ወገብ በኩል ራዲየሷ 6,378 ነው፣ በዋልታው በኩል 6,357። ታዲያ ለውጥ ያመጣል ወይ? ቁጭ ብለን አብረን ሰራነው። ጎንደር ላሊበላ 178.6 የነበረው 178.7 ሆነ። መቶ ሜትር! ለዚህ ነው የደከምነው አልኩት። ግን አዲስ አበባ ላሊበላን ስንሰራ 334 የነበረው 332 ወረደ። ሁለት ኪሎ ሜትር። ለምን ብዬ ስጠይቀው እንዲህ አስረዳኝ፣ እኛ አካባቢ ማለትም ለወገቡ ቅርብ በሆነ አገር ከደቡብ ወደ ሰሜን አንድ ዲግሪ 110.6 ነው እንጂ 111.2 አይደለም፣ ስለዚህ ሰሜን ደቡብ የሆነ መስመር በኳሱ ሂሳብ ይረዝማል፣ ምሥራቅ ምዕራብ የሆነው ደሞ በትንሹ ያጥራል፣ ጎንደር ላሊበላ በብዛት ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ ሁለቱ ተጣፍተው ነው ልዩነቱ የጠፋው። ይሄን በቀላሉ የሚያስረዳ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኛል፣ ወንድሜን ማለቴ ነው።

ከዛ ፎርሙላው ካለ አይቀር ብለን ሌሎቹንም አስገባን። ጎንደር ባሕር ዳር 102 ኪሎ ሜትር ብቻ! በመኪና 180 ገደማ ነው፣ ምክንያቱም መኪናው ጣናን ይዞራል፣ በወረታ በአዲስ ዘመን በኩል፣ አየሩ ግን ቀጥ ብሎ ሀይቁ ላይ ነው። ወንድሜ መስመሩን ካርታ ላይ ጎተተው፣ ከባሕር ዳር ሲነሳ የዘጌን ጫካ ይረግጣል፣ ደቅ ደሴትን በግራ ትቶ ወደ አዘዞ ይገባል። በታንኳ የሚሄድ ሰው መስመር ነው በለው።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ባሕር ዳር 333 ኪሎ ሜትር፣ አዲስ አበባ ላሊበላ 332። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል! ስንት ዓመት ላሊበላን ሩቅ ባሕር ዳርን ቅርብ አድርጌ ነው የኖርኩት። ያራቀው መንገዱ ነው፣ ገደሉ ነው፣ ዳገቱ ነው። ባሕር ዳርም ቢሆን በመኪና የዓባይ በረሀን ወርደህ ወጥተህ ነው፣ በደብረ ማርቆስ በኩል 550 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይሄን ለእማዬ ስነግራት "ቅዱስ ላሊበላ ቅርብ ነው ማለት ነዋ" ብላ ሌላ አልጠየቀችኝም።

ኅዳር 20

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ ደቂቃው።

በዚህ መስመር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው፣ ከፍተኛ የጉዞ ፍጥነቱ በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር ነው። 178.7ን ለ667 ስታካፍል 16 ደቂቃ። ግን 16 ደቂቃ ነው ብሎ የነገረኝ አንድም የተሳፈረ ሰው የለም። ሀያ ያለኝ ሰውዬ ራሱ ምናልባት እንዲህ አካፍሎ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

ቁጥሩ የሚሳሳተው ይመስለኛል አውሮፕላኑ ከመጀመሪያዋ ሜትር ጀምሮ በ667 እንደሚሄድ አድርገን ስለምናስብ ነው። ባጃጅ እንኳን ከቆመበት ተነስቶ ወዲያው አይሮጥም። ሞተር አስነስቶ በጎማ እየሄደ ማኮብኮቢያው ጫፍ ይደርሳል፣ ይነሳል፣ ሽቅብ እየወጣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ከዛ ሊወርድ ሲል እንደገና ይቀንሳል፣ ዞሮ ያርፋል፣ እንደገና በጎማ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ደሞ ከመቆሚያው ተነስቶ መቆሚያው እስኪደርስ ነው፣ አየር ላይ ያለው ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሂሳቡ ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል ብቻ ሳይሆን ላዩ ላይ አንድ የማይለወጥ ደቂቃ መጨመር አለበት፣ ሩቅም ሂድ ቅርብም ሂድ የሚከፈል። ልክ እንደ ታክሲ ኮንትራት መነሻ ሂሳብ በለው። ስንት ነው ግን መነሻው? ይሄ መለካት አለበት።

ንፋሱንም አሰብኩት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚገፋ ንፋስ ከኋላ ቢመጣ በ600 የሚሄደው በ630 ይሆናል፣ 178.7 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያተርፈው 51 ሰከንድ ብቻ ነው። አጭር መንገድ ላይ ንፋስ ብዙ አይለውጥም፣ ተውኩት።

ታኅሣሥ 4

ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ በአውሮፕላን ስለተመለስኩ ጥሩ አጋጣሚ ሆነ። ስልኬ ላይ መንገድ የሚመዘግብ የጂፒኤስ አፕ ጫንኩ፣ በየሰከንዱ የት እንዳለህ፣ ከፍታህን፣ ፍጥነትህን ይጽፋል። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ስልኩ የበረራ ሞድ ላይ ሆኖም ጂፒኤሱ ይሰራል ምክንያቱም ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ ምንም አይልክም። መስኮት ጋ መቀመጥ ግን ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አበላሸሁ። አፑን የከፈትኩት ከተነሳን በኋላ ነው፣ ስልኩ ያለ ኢንተርኔት ሳተላይቶቹን ፈልጎ እስኪይዝ ደቂቃዎች ፈጀበት፣ በዛ ላይ በዛ ፍጥነት እየሄድክ መያዝ ይከብደዋል መሰለኝ፣ መስመሩ የጀመረልኝ ሽቅብ ወጥተን ከጨረስን በኋላ ነው። ደግነቱ ሰዓቱን በእጄ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነበር። ከቦሌ መቆሚያ እስክንነሳ በጎማ 10 ደቂቃ፣ አየር ላይ 50፣ አዘዞ ላይ በጎማ 3። ድምር 63 ደቂቃ።

ከአዲስ አበባ ጎንደር ርቀቱ በቀጥታ 419 ኪሎ ሜትር ነው። ስልኬ ላይ ቀጥ ብለን ስንሄድ ያየሁት ፍጥነት 600 አካባቢ ስለነበር 600ን ወሰድኩ፣ 42 ደቂቃ ይሆናል። 63 ሲቀነስ 42፣ መነሻ ሂሳቡ 21 ደቂቃ። ለላሊበላ 178.7 ለ600 ሲካፈል 18 ደቂቃ፣ ሲደመር 21፣ 39። በጎማ የሚሄድበትን ሳወጣ አየር ላይ 26፣ 27 ደቂቃ ቢሆን ነው ብዬ ገመትኩ።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ተነስታ መጽሐፏን ይዛ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርጋ ቆመች፣ "በይ ያዢልኝ" አለች። የዘወትር ጸሎቷን ስልኬ ላይ ለካሁላት። በእሷ አካሄድ፣ ሳትቸኩል፣ 23 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። "እንግዲህ ሦስት ደቂቃ ይተርፈኛል፣ እሱን አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ" አለች። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር የዛን ቀን ነው ቀለል ሲል ያየሁት። ፍርሃቷ መጠን አልነበረውም፣ አሁን መጠን አገኘ።

ታኅሣሥ 19

አጭር ማስታወሻ፣ ለወላጅ ቲኬት ለሚቆርጥ ሰው። ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ ነው። 9:40 የሚለው በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ከ40 ነው። እማዬ ቲኬቱን አይታ "ሦስት ሰዓት አላልሽም?" ብላ ደንግጣ ነበር። ከታች በእስክሪብቶ በሀበሻ ሰዓት ጻፍኩላት፣ ስንት ሰዓት ከቤት እንደምንወጣም ጭምር።

ታኅሣሥ 25

ዛሬ ነው። ይሄን የምጽፈው ላሊበላ ማታ ነው።

ከቤት ከጠዋቱ 1:30 ወጣን። አዘዞ ስንደርስ እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ በሩ ላይ ተሳልማ ገባች፣ የኤርፖርቱን በር ማለት ነው። ፍተሻው ላይ የአንገቷን መስቀል አውልቂ እንዳይሏት ሰግታ ነበር፣ በእንጨት የተሰራ ስለሆነ ምንም አላሉም። አፑን በዚህ ጊዜ ተምሬያለሁ፣ ገና ውጭ ሜዳው ላይ ወደ አውሮፕላኑ ስንራመድ ከፍቼ ሳተላይቶቹን እስኪይዝ ጠበቅኩ፣ ከዛ ነው የበረራ ሞድ ያደረግኩት። ኪው 400 ክንፉ ከላይ ስለሆነ መስኮቱን አይጋርድም፣ እማዬን መስኮት ጋ አስቀመጥኳት፣ ስልኩን በእሷና በመስኮቱ መሀል ያዝኩት።

በጎማ 6 ደቂቃ። ከዛ ሮጠ፣ ጎማው መሬት ሲለቅ እማዬ እጄን ጨብጣ "በስመ አብ" ብላ ጀመረች። እኔ ስልኩ ላይ ሰዓት አስጀመርኩ። ጸሎቷ ከንፈሯ ላይ ነው እንጂ ድምጿ በፕሮፔለሩ አይሰማም።

መጀመሪያ ወደ ደቡብ ተነስተን ወደ ግራ ዞርን፣ ይሄ ብቻ ደቂቃዎች ወሰደ፣ ቀጥታው መስመር ላይ እስክንገባ። ካሰላሁት አቅጣጫ 110 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነበለ፣ ያንኑ ይዞ ሄደ። ከታች በለሳ ነው፣ ደረቅ፣ ቡናማ፣ አልፎ አልፎ አጨዳው ያለቀ ማሳ፣ ቆርቆሮ ብልጭ የሚልበት። በግራ በኩል በሩቅ የሰሜን ተራሮች እንደ ተቀደደ ወረቀት ጠርዝ ይታያሉ። ከዛ የተከዜ ሸለቆ፣ ከላይ ሲታይ መሬቱ በጥፍር የተቧጨረ ነው የሚመስለው፣ በመኪና ለምን ይሄን ሁሉ ዞረን እንደምንሄድ እዛ ላይ ነው በደንብ የገባኝ፣ ፎርሙላው ያልነገረኝ ነገር።

አብራሪው 17 ሺህ ጫማ ላይ ነን አለ። ይሄ በሜትር 5,182 ነው። ስልኬ ደሞ 5,430 ይላል። ተበላሸ ብዬ ነበር፣ በኋላ ከወንድሜ ጋር ስናወራ ሁለቱም ትክክል ናቸው አለኝ፣ አውሮፕላኑ ከፍታውን የሚያነበው ከአየር ግፊት ነው፣ መሣሪያው የተሰራው ባህር ጠረፍ ላይ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ነው ተብሎ በተስማሙበት አየር ነው፣ የእኛ አገር አየር ከዛ ስለሚሞቅ ደሞ የተለጠጠ ነው፣ ስለዚህ እውነተኛው ከፍታ ከንባቡ በላይ ይሆናል፣ ስልኩ በሳተላይት የሚለካው እውነተኛውን ነው። ሁሉም አውሮፕላን በአንድ ዓይነት ንባብ ስለሚሄድ እርስ በርስ ለመራራቅ ችግር የለውም። 17 ሺህ ጎዶሎ ቁጥር መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም፣ ወደ ምሥራቅ የሚበር በጎዶሎ ሺህ ጫማ፣ ወደ ምዕራብ የሚበር በሙሉ ሺህ ነው ደንቡ፣ ፊት ለፊት እንዳይገናኙ።

ቀጥ ብለን የሄድነው ስንት ደቂቃ ነው? ስድስት! ሌላው ሁሉ መውጣትና መውረድ ነው። ሽቅብ ወጥቶ ሳይጨርስ ሊወርድ ነው በለው። ትልቁ ፍጥነት 592 ነበር። ለማረፍ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ዞረ፣ ተራራው ለመስኮቱ ቀረበ፣ እማዬ ዓይኗን ጨፍና ነበር ያኔ። ጎማው መሬት ሲነካ ሰዓቱን አቆምኩት፣ 26 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ።

"ደረስን እማዬ" አልኳት። ዓይኗን ሳትገልጥ በእጇ ቆይ አለችኝ። የመጨረሻው አቡነ ዘበሰማያት ላይ ነበረች። አሜን ስትል ገና አስፋልቱ ላይ እየሮጥን ነው።

በጎማ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ ድምሩ 36 ደቂቃ። ግምቴ 39 ነበር፣ ሦስት ደቂቃ ተሳስቻለሁ። አፑ የመዘገበው የሄድንበት መንገድ ደሞ 198 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከቀጥታው 19 ይበልጣል፣ የሁለቱ ጫፍ መዞሪያ ነው እሱ። እና ይሄን ተመልከቱ፣ ቀጥታውን ርቀት አየር ላይ ላለው ደቂቃ ብታካፍሉት በሰዓት 402 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከመቆሚያ መቆሚያ ከሆነ 298። ከ667 ተነስተን ነው እዚህ የደረስነው።

ከኤርፖርቱ ከሹምሸሃ ከተማው ያለው መንገድ ደሞ ሌላ ነው። በቀጥታ ካርታ ላይ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መኪናው ግን ከ20 በላይ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው፣ ሰዓት ይዤ ነበር፣ 41 ደቂቃ። ከጎንደር ላሊበላ ከበረርነው በላይ! እማዬ እዛ መንገድ ላይ ነው የፈራችው፣ ገደሉን እያየች "አውሮፕላኑ ይሻል ነበር" አለች፣ ሾፌሩ ጥሩ ልጅ ነው ቀስ አለላት። ክፍላችን ስንደርስ 5:45 ነበር። ከቤት ደጃፍ ደጃፍ አራት ሰዓት ከሩብ።

ታኅሣሥ 27

ልኬት የለም ዛሬ። ሰዉ ከየአቅጣጫው በእግሩ እየገባ ነው፣ ነጭ ለብሶ፣ ከሳምንት በላይ የተጓዘ አለ፣ ከዋግ የመጡ እናቶች ከእኛ አጥር ስር አርፈዋል፣ እማዬ ቆሎ ይዛላቸው ወጥታ እስካሁን አልተመለሰችም። አንዷ ስንት ቀን እንደሄዱ ስጠይቃት "ስምንት" አለችኝ፣ ልክ እኔ ደቂቃ እንደምናገረው ቀለል አድርጋ። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ስልኬን አውጥቼ ከፍታ ላነብ አልኩና መልሼ ከተትኩት።

ጥር 3

ስንመለስ እህቴን ለማየት በአዲስ አበባ በኩል ነው የመጣነው፣ ለሂሳቡም ሦስተኛ ነጥብ ሆነኝ። ከመሳፈራችን በፊት ነው ግምቱን የጻፍኩት፣ እንዲህ፦ ከጎንደር ላሊበላ 36 ሲቀነስ 18፣ መነሻ ሂሳቡ 18 ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር 21 ነበር። ልዩነቱ 3፣ ቦሌ ትልቅ ስለሆነ በጎማ የሚሄደው ይረዝማል፣ ወረፋም አለ። ስለዚህ ቦሌ ያለበት ከሆነ 21፣ ሁለቱም ክልል ላይ ያሉ ትናንሽ ኤርፖርቶች ከሆኑ 18። ላሊበላ አዲስ አበባ 332 ለ600፣ 33 ደቂቃ፣ ሲደመር 21፣ 54።

የወጣው 57። ቦሌ ልናርፍ ስንል ተራ ጠብቀን አንድ ዙር ዞረናል፣ ስልኬ ላይ ክቡ በደንብ ተስሎ ይታያል። ያ ዙር ባይኖር 54 አካባቢ ነበርን ብዬ አምናለሁ ግን መዝገብ ላይ የገባው 57 ነው፣ እሱን ነው የጻፍኩት። በሦስት በረራ ብቻ የወጣ ቁጥር ስለሆነ ሌላ ሰው በዚህ መስመር ለክቶ ካለው ደስ ይለኛል፣ በተለይ ጎንደር ባሕር ዳርን፣ ምክንያቱም 102 ኪሎ ሜትር ላይ ሂሳቤ 28 ደቂቃ ነው የሚለው፣ እንዲህ አጭር ላይ አውሮፕላኑ 600 የሚደርስበት ጊዜ ራሱ ስለሌለው ይሄ ቁጥር አንሶ ይመስለኛል።

ጥር 9

እማዬ ዛሬ ቡና ላይ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ሀያ ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ እያለች ስታወራ ሰማኋት፣ ሰከንዷን እንኳን አልጣለችም። እኔን ጠራችኝና "አክሱም ጽዮንስ?" አለችኝ። ሰዎቹ ፊት ነው፣ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ጎንደር አክሱም በቀጥታ 231 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥታ በረራ ከተገኘ 23 ሲደመር 18፣ 41 ደቂቃ። ቀጥታ ካልተገኘ በአዲስ አበባ ዞረን 419 እና 572፣ ወደ 990 ኪሎ ሜትር፣ ሁለት በረራ።

"ሁለቱንም ጻፊው" አለችኝ። ጻፍኩት፣ አዲስ መስመር ላይ፣ ከላሊበላ ስር።